ለጅማና ለዳርቻዎቿ ቀላል ባቡር ይታቀድ ወይ? የአንድ ትራንስፖርት ፕላነር ምላሽ

ጥያቄ፦ የምኖረው ከጅማ ወደ ሰርቦ በሚወስደው መንገድ ዳር በተስፋፋ አዲስ ሰፈር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እርሻ የነበረው ቦታ ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል፤ ጠዋት መሃል ከተማ ለመድረስም ሁለት ባጃጅ መቀያየር ግድ ይለናል። በሰፈራችን የልማት ኮሚቴ ውስጥ “ጅማም እንደ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ይታቀድላት” የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ተከራክረንበት ሳንስማማ ተለያየን። ለጅማና በዙሪያዋ ላሉ ከተሞች የቀላል ባቡር መረብ ማቀድ ያዋጣል? የሚያዋጣ ከሆነስ ከየት ይጀመራል?

ምላሽ፦ ማቀድ ያዋጣል፤ ዛሬ መገንባት ግን አያዋጣም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ስለሚታዩ የኮሚቴያችሁ ክርክርም እዚያው ላይ የተቋጠረ ይመስለኛል። ባቡር ይምጣ የሚሉት ከ30 ዓመት በኋላ ስለምትኖረው ጅማ ሲናገሩ፣ የሚቃወሙት ደግሞ ስለ ዘንድሮው በጀት ይናገራሉ፤ ሁለቱም በየፊናቸው እውነት አላቸው። ጅማ በዚህ አሥር ዓመት ውስጥ ከእጇ እንዳያመልጥ ልትጠነቀቅለት የሚገባው ነገር ባቡሩ አንድ ቀን የሚያልፍበት መሬት ነው። ባቡር በማንኛውም ዓመት በብድር ሊገዛ ይችላል፤ ቤት ከተሠራበት በኋላ መሬትን ማስለቀቅ ግን ከባቡሩ ዋጋ ባላነሰ ገንዘብና በብዙ ቤተሰብ እንባ የሚፈጸም ነገር ነው።

አርአያ ያደረጋችሁትን የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር አስቀድመን በጥሞና እንመልከት። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር በሁለት መስመሮች 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 39 ጣቢያዎች ያሉት ሲሆን፣ የግንባታው ዋጋ 475 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከዚህም 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። በአማካይ ሲሰላ አንዱ ኪሎ ሜትር ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር ወስዷል ማለት ነው። ሥራ ሲጀምር ከ2 እስከ 6 ብር በነበረ ታሪፍ ሠራተኛውን፣ ተማሪውንና ነጋዴውን ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ ያመላለሰ አገልግሎት ስለሆነ ውለታውን ማሳነስ ተገቢ አይደለም። ይሁን እንጂ ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከአገልግሎት ውጭ ሆነው ቆይተዋል፤ የቲኬቱ ገቢም የማስኬጃ ወጪውን ሊሸፍን አልቻለም። ብድሩ የሚከፈለው በዶላር፣ ገቢው የሚሰበሰበው ደግሞ በብር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ መድረሱን ስናስታውስ፣ በዶላር ብድር የተዘረጋ ሐዲድ በከተማ ላይ ምን ያህል ሸክም እንደሚጥል መገመት አያስቸግርም። ዋና ከተማዋ ይህን ያህል ከተፈተነች፣ ጅማ የምትጀምርበትን ጊዜ እጅግ ተጠንቅቃ መምረጥ ይኖርባታል።

አንድ መንገድ ባቡር ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው የሚለካው በከተማው የሕዝብ ብዛት አይደለም። የሚለካው በዚያ መንገድ ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በጣም በሚጨናነቀው አንድ ሰዓት ውስጥ በሚያልፈው ተሳፋሪ ቁጥር ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ሦስት ሦስት ሰው የጫኑ 300 ባጃጆች በሰዓት ቢያልፉ 900 ሰው ያደርሳሉ። 70 ሰው የሚይዝ አውቶቡስ በየሦስት ደቂቃው ቢመጣ በሰዓት 1,400 ሰው ያጓጉዛል፤ ያው አውቶቡስ ለብቻው በተከለለ መስመር በየደቂቃው እየተከታተለ ቢሄድ ደግሞ ቁጥሩ 4,200 ይደርሳል። 250 ሰው የሚይዝ ባቡር በየአምስት ደቂቃው ሲመጣ የሚያጓጉዘው 3,000 ሰው ነው፤ ሁለት ሁለት ባቡር ተቀጣጥሎ ሲመጣ ግን 6,000 ይሆናል። እንግዲህ የባቡር ብልጫ የሚታየው አውቶቡሶቹ በየደቂቃው እየመጡም ሕዝቡ በየፌርማታው ሲቀር፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ በሰዓት ከ4,000 በላይ ተሳፋሪ በየቀኑ ሲገኝ ነው። ከዚያ በታች ሐዲድ መዘርጋት ባዶ ባቡር ለመንዳት መበደር ይሆናል። ጅማ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 120,960 ነዋሪዎች ነበሯት፤ ከዚያ ወዲህ በሕዝብም በስፋትም በእጅጉ ብታድግም፣ በአንድ መንገድ ላይ ይህን ያህል ተሳፋሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚገኝባት ከተማ ገና አልሆነችም።

ቁጥሩ ግን በእኔም በሌላም ሰው ግምት መወሰን የለበትም፤ መቆጠር አለበት። ለቆጠራ ደግሞ ጅማ ሌሎች ብዙ ከተሞች የሌላቸው ምቹ ሁኔታ አላት። የአዌቱ ወንዝ በመሃሏ ስለሚያልፍ፣ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚሻገር ሰውና ተሽከርካሪ ሁሉ በተወሰኑ ድልድዮች ላይ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። በእነዚያ ድልድዮች ላይ ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ቆጣሪዎችን ማቆም ለአንድ ከተማ አስተዳደር ከባድ ወጪ አይደለም፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች እንደ መስክ ልምምድ አድርገው ሊሠሩት ይችላሉ። መቆጠር ያለበት የተሽከርካሪው ብዛት ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለው ሰው ነው። በእግሩ የሚሻገረውም ሊዘለል አይገባም፤ ዛሬ የባጃጅ ሒሳብ ከብዶት በእግሩ የሚሄደው ሰው ርካሽና አስተማማኝ አገልግሎት በተገኘ ዕለት የመጀመሪያው ተሳፋሪ እርሱ ነው። ቆጠራውም በአንድ ቀን መወሰን የለበትም። የሂርማታ ገበያ በሚደምቅበት ሐሙስና በተራው ማክሰኞ መካከል፣ ቡና በሚለቀምበት ወቅትና በክረምት መካከል፣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ በተቀበለበት ወርና በዕረፍት ጊዜው መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። የድልድይ ቆጠራ ስንት ሰው እንዳለፈ እንጂ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ስለማይነግረን፣ ከየሰፈሩ በተመረጡ ቤተሰቦች መካከል የጉዞ መጠይቅ ማካሄድም ያስፈልጋል።

ወደ መረቡ ቅርጽ ልምጣ። ከጅማ አራት ዋና ዋና መንገዶች ይወጣሉ፦ በሰርቦ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ በአጋሮ በኩል ወደ በደሌ፣ በሰቃ በኩል ወደ ቦንጋ እንዲሁም ወደ ዴዶ። እንደ እርስዎ ሰፈር ያሉት አዳዲስ መንደሮች በብዛት የሚዘረጉት እነዚህን መንገዶች ተከትለው ነው፤ በአንድ ወገን የጅሬን ኮረብታ፣ በሌላው የቦዬ ረግረግ ወሰን ስለሚሆን ከተማዋ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ልትሰፋ አትችልም። ይህ ለሕዝብ ትራንስፖርት መልካም ነገር ነው። ተሳፋሪው በጥቂት መንገዶች ላይ ሲሰበሰብ ብዙ ሰው የሚጭን ተሽከርካሪ ማሰማራት ያዋጣል።

ይሁንና “የዙሪያ ከተሞች መረብ” የሚለውን ሐሳብ በተመለከተ ከኮሚቴያችሁ የምለይበት ነጥብ አለ። ቀላል ባቡር ከ500 እስከ 800 ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ እየቆመ የሚሄድ የከተማ ውስጥ አገልግሎት ስለሆነ፣ መቆሚያዎቹን ጨምሮ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ሰርቦም ሆነ ሰቃ ከጅማ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ስለሚርቁ፣ እስከዚያ ድረስ በቀላል ባቡር የሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በደህና መንገድ ላይ የሚሄድ ፈጣን አውቶቡስ ግን በግማሽ ሰዓት ያደርሰዋል። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አጋሮማ ጭራሽ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አትገባም። ስለዚህ የቀላል ባቡር ድንበር ከመሃል ከተማው በየአቅጣጫው ከ6 ኪሎ ሜትር ባይበልጥ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትን ከተሞች ደግሞ ሰዓት የሚያከብሩ አውቶቡሶች እስከ መስመሩ ጫፍ ቢያመጧቸው ይሻላል።

የመጀመሪያው መስመር አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ ከእናንተ አቅጣጫ ተነሥቶ መናኸሪያውንና የሂርማታን ገበያ ነክቶ በሌላው ወገን ወዳሉት ሰፈሮች የሚዘልቅ። መሃል ከተማ ደርሶ እዚያው የሚቆም መስመር ሁለት ጉዳት አለው። ተሳፋሪው ወደ ሌላው ወገን ለመሻገር ወርዶ ሌላ እንዲፈልግ ያስገድደዋል፤ መዞሪያና ማደሪያ የሚሆነውን ሰፊ ቦታም መሬት እጅግ ውድ በሆነበት ሥፍራ ይጠይቃል። አቋርጦ የሚያልፍ መስመር ግን መዞሪያውን መሬት ወደሚገኝበት ጫፍ ይወስደዋል። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው የጅሬን ዳገት በዚህ ሐሳብ ውስጥ አይገባም፤ የብረት ጎማ የብረት ሐዲድን ቆንጥጦ የመያዝ ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ ከ6 በመቶ በላይ የሆነ ተዳፋት ለቀላል ባቡር አይመከርም፤ ጎብኚውንም ነዋሪውንም አውቶቡስ ያወጣዋል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። መስመሩ የሚያልፍበት መንገድ ስፋቱ ስንት መሆን አለበት? እኔ የምመክረው 40 ሜትር ነው። ከመካከሉ 10 ሜትር ለአውቶቡስ፣ ኋላም ለሐዲድ ይከለላል፤ ግራና ቀኝ ለተሽከርካሪ 7 ሜትር፣ ለብስክሌት 2 ሜትር፣ ለዛፍና ለጎርፍ መውረጃ 2 ሜትር፣ ለእግረኛ 4 ሜትር ይቀራል። ይህ 10 ሜትር ሁለት ሐዲድ በምቾት ይይዛል፤ ጣቢያ በሚቆምበት ቦታ ላይ ግን መጠበቂያ መድረኩ ተጨማሪ ስፋት ስለሚፈልግ፣ ጣቢያዎቹ የሚሆኑባቸው ሥፍራዎች ከወዲሁ ተለይተው ሰፋ ብለው መቀረጽ አለባቸው። መታጠፊያም እንዲሁ ነው። ቀላል ባቡር በ25 ሜትር ሬዲየስ መታጠፍ ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ላይ በጣም ይዘገያል፣ ጎማውም ሐዲዱም ይበላል፣ ጩኸቱም ነዋሪውን ያስቸግራል። በየመታጠፊያው ያሉት የማዕዘን ቦታዎች ለግለሰብ ከመሰጠታቸው በፊት 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ሬዲየስ ታስቦ መሬቱ ቢከለል፣ ዛሬ የሚጠይቀው በካርታ ላይ አንድ መስመር ማስመር ብቻ ነው። ለባቡሮቹ ማደሪያና መጠገኛ የሚሆን ከ5 እስከ 10 ሄክታር ሜዳማ መሬት በአንዱ ጫፍ መያዝም ግዴታ ነው፤ በብዙ ከተሞች ይህ ጥያቄ የሚነሣው መሬቱ ካለቀ በኋላ ነው።

አፈሩም ችላ የሚባል አይደለም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከሜዳማ ሥፍራዎቿም ብዙዎቹ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ አፈር አላቸው። አስፋልት በዚህ አፈር ላይ ሲወዛወዝ መኪናው ይንገጫገጫል እንጂ ጉዞው አይቆምም፤ ሐዲድ ግን በጥቂት ሚሊ ሜትር መዛባት ባቡሩን እንዲዘገይ ያስገድዳል፣ ሲከፋም ያስወጣዋል። ስለዚህ አፈሩን አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካትና የውኃ መውረጃውን በአግባቡ መሥራት ገና የአውቶቡሱ መስመር ሲሠራ በሒሳቡ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

መሬቱን የመያዙ ሥራ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በአስተዳደር ወሰን ላይ ነው። ጅማ ከተማ የራሷ አስተዳደር ሲኖራት፣ መንገዶቿ ከወሰኗ ሲወጡ ወደ ቀርሳ፣ ወደ ማና፣ ወደ ሰቃ ጨቆርሳና ወደ ዴዶ ወረዳዎች ይገባሉ። ከተማዋ 40 ሜትር ብላ የከለለችው መንገድ ከወሰኑ ማዶ በ20 ሜትር ከቀጠለ ዕቅዱ እዚያው ላይ አበቃለት። ስለዚህ የከተማው አስተዳደርና የጅማ ዞን ወረዳዎች በአንድ የጋራ ካርታ ላይ መፈራረም አለባቸው፤ ይህን ያህል የምደጋግመው በአገራችን የመንገድ ፕሮጀክቶች በወሰን ማስከበር ችግር ለዓመታት ሲጓተቱ ስላየን ነው። ጉዳዩ ሰብዓዊ ገጽታም አለው። በከተማው ዳርቻ ያለው አርሶ አደር ካሳው አያዋጣኝም ብሎ ሲሰጋ መሬቱን በጓሮ በር ይሸጣል፤ ገዢውም በአንድ ሌሊት የጨረቃ ቤት ያቆማል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲፈርስ ሁለቱም ተጎጂ ይሆናሉ። ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ መሬት ካሳ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የተደነገገ ስለሆነ፣ መስመሩ የሚያልፍበት ባለይዞታ ካሳው አስቀድሞ ቢሰላለትና ቢከፈለው ከሁሉም ርካሹ መንገድ እርሱ ነው። ይህ የፍትሕ ጉዳይ መሆኑን ፕላነሮች በግልጽ መናገር አለብን ብዬ አምናለሁ።

የተከለለው መሬት ግን ባዶውን ሃያ ዓመት ሊቀመጥ አይችልም፤ ባዶ ቦታ ቤት ይጠራል። መፍትሔው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አውቶቡስ ማስገባት ነው። የብራዚሏ ኩሪቲባ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣችው ማስተር ፕላን እድገቷ በተመረጡ ዋና ጎዳናዎች ዙሪያ እንዲሆን ወሰነች፤ በ1974 ደግሞ በጎዳናዎቹ መካከል ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መስመር ከፈተች፤ ረጃጅም ሕንፃዎችም በእነዚያ ጎዳናዎች ዳር እንዲበዙ ፈቀደች። የካናዳዋ ኦታዋም እ.ኤ.አ. በ1983 የአውቶቡስ መንገዷን ከፍታ፣ ተሳፋሪው አውቶቡሶቹ ከሚችሉት በላይ ሲሆንባት የመንገዱን ዋና ክፍል ወደ ባቡር ለውጣ በ2019 ሥራ አስጀምራለች። በሁለቱ መካከል 36 ዓመታት አሉ። ለጅማ የምመኘው ይህን መንገድ ነው።

በኩሪቲባ ምሳሌ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የመስመሩ ዕጣ የሚወሰነው ከመስመሩ ዳር በሚሠራው ቤት ነው። ሰው ወደ ፌርማታ በእግሩ የሚመጣው ቢበዛ ከ500 ሜትር ርቀት ነው፤ በዚህ ሬዲየስ የሚከበበው መሬት 78 ሄክታር ያህል ይሆናል። በሄክታር 50 ሰው ቢኖር በአንድ ፌርማታ ዙሪያ 3,900 ሰው፣ 150 ሰው ቢኖር ደግሞ 11,700 ሰው ይገኛል። የመጀመሪያው በሰፊ ግቢ ውስጥ ያለ፣ አንድ ፎቅ እንኳ የሌለው የማኅበር ቤት የሚበዛበት ሰፈር ነው፤ ሁለተኛው ጂ+2 እና ጂ+4 የሆኑ ሕንፃዎች ከሥራቸው ሱቅ ይዘው የተሰለፉበት ሰፈር ነው። በእናንተ መንገድ ዳር የሚሰጡት የግንባታ ፈቃዶች ዛሬ በየትኛው ዓይነት ከቀጠሉ የባቡሩ ነገር በዚያው ተወሰነ ማለት ነው። በመስመሩ ዳር ባለው 300 ሜትር ውስጥ ዝቅተኛው የሕንፃ ከፍታ ጂ+2 እንዲሆን መደንገግ አቅም የሌለውን ባለቤት እንዳያፈናቅል በጋራ የመገንባት አማራጭ ሊታከልበት ይገባል። ከእነዚህ ቦታዎች የሚገኘው የሊዝ ገቢም የተወሰነው ድርሻ ለዚሁ መስመር ቢመደብ፣ መንገዱ ራሱ ዋጋ የጨመረለት መሬት መንገዱን ይደግፋል።

ባጃጆቹን በሚመለከት ጠላት አድርጎ ማየት አያስፈልግም። በየውስጥ ለውስጡ መንገድ ሰውን ከደጁ አንሥቶ እስከ ፌርማታው የሚያደርስ ከእነርሱ የተሻለ የለም፤ ብዙ ወጣቶችም የሚተዳደሩበት ሥራ ነው። ከዋናው መስመር ጋር በትይዩ ከመሮጥ ይልቅ ወደ መስመሩ የሚመግቡ እንዲሆኑ በማኅበራቸው በኩል መስመር መደልደልና በየፌርማታው ተራ መያዣ ቦታ ማዘጋጀት ይበቃል። እግረኛውንም አንርሳ፦ በአዲስ አበባ ሐዲዱ በአጥር ስለተከለለ ፊት ለፊት ያለውን ሱቅ ለመድረስ ረጅም ርቀት የሚዞር ሰው ብዙ ነው፤ በጅማ በየ200 ሜትሩ ገደማ በደረጃ ሳይሆን በመሬት ላይ ማቋረጫ ይኑር።

ኤሌክትሪክን በተመለከተ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው ግልገል ጊቤ ለጅማ ቅርብ ቢሆንም፣ የማመንጫው ቅርበት በከተማው ውስጥ ያለውን መቆራረጥ አያስቀርም። ቀላል ባቡር በየ2 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የኃይል ማከፋፈያ ይፈልጋል፤ ከሁለት የተለያዩ መስመሮች ኃይል የማያገኝ ባቡር መንገደኛውን መሃል ላይ ይዞ ይቆማል። በኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን የቀድሞ ዕቅድ አዲስ አበባን በኢጃጂ በኩል ከጅማ ጋር የሚያገናኝ ሀገር አቋራጭ መስመርም ነበር፤ እስካሁን ባይገነባም ጣቢያው የሚያርፍበት ቦታና ከከተማው መስመር ጋር የሚገናኝበት ሥፍራ አሁኑኑ በካርታው ላይ መቀመጥ አለበት።

ለኮሚቴያችሁ የሚሆን ሥራ አለ። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው የመሬት አጠቃቀምና ዋና ዋና መንገዶች የሚወሰኑበት ፕላን፣ ለአሥር ዓመት የሚያገለግል ሰነድ ሲሆን፣ ሲዘጋጅም ነዋሪው ሐሳብ የሚሰጥበት መድረክ ሊኖር ይገባል። ወደ ከተማው ፕላን ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የመንገድ ካርታውን እንድታዩ ጠይቁ፤ ወደ ሰርቦ የሚወስደው መንገድ ስንት ሜትር ተብሎ እንደተቀመጠ፣ ከከተማው ወሰን ማዶ በቀርሳ በኩል ስፋቱ እንደሚቀጥል ወይም እንደሚጠብ፣ በማዕዘኖቹ ላይ ያሉት ቦታዎች ለማን እንደተሰጡ አረጋግጡ። ስፋቱ ከ40 ሜትር በታች ከሆነ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ፤ በዚያው ደብዳቤም የአዌቱ ድልድዮች ቆጠራ ከዩኒቨርሲቲው ጋር በመተባበር እንዲካሄድና በተከለለው መስመር ላይ የመጀመሪያው አውቶቡስ ከእናንተ ሰፈር እስከ ሂርማታ እንዲጀመር ጠይቁ።